የጉልበቴ ፊልም በጨርቅ ተራ

መርካቶ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። እዚህ አገር ሕመምህን ጮክ ብለህ ካወራህ በቃ፣ አልቆልሃል።

ባለፈው መሳለሚያ ላይ ከታክሲ ስወርድ ጉልበቴ ተጠማዘዘና ቋ አለ። ሐኪሙ ኤምአርአይ አስነሥቶ «በአጥንቶቹ መሀል ያለው ለስላሳ አጥንት ተቀዷል። ፊዚዮቴራፒ ትጀምራለህ፤ ብቻ አደራህን፣ ማንም እንዳያሽህ» አለኝ።

እኔ ሞኙ ፊልሙን እንዳንጠለጠልኩ ጨርቅ ወደምሸጥበት ሱቄ ተመለስኩ። ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የሸጡ ሰው ናቸው። ፊልሙን ከእጄ ነጥቀው ወደ ፀሐይ ዘረጉትና እንደ ጣቃ ጨርቅ ጫፉን ያዝ ያዝ አድርገው መረመሩት።

«የታለ የተቀደደው? ቢቀደድ ክሩ ይታይ ነበር። ትንሽ ተዛንፏል እንጂ ደህና ነው።»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙ ስንት ዓመት ጨርቅ አይቷል?»

እውነትም ሐኪሙ አንድ ሜትር ጨርቅ ሸጦ አያውቅም። ጫጫታችንን ሰምቶ የተሰበሰበው የተራው ነጋዴ ሁሉ «ልክ ናቸው» ብሎ ፈረደብኝ። ሁለቱ ትከሻዬን ያዙ። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጉልበቴን ሊያቃኑ ተንበረከኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቋ!

ስገልጥ የእኔ ጉልበት ሰላም ነው። ጋሼ ግን እንደተንበረከኩ ቀርተዋል።

ያ ሁሉ ሐኪም እኔን ለቆ ሊያሻቸው ተረባረበ። ጋሼ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ከልለው ጮኹ፦

«ማንም እንዳይነካኝ! አንተ፣ ያ ሐኪምህ የት ነው ያለው?»