ባዶ ነው የተባለ ቦታ

የቤት ደላላ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ባዶ ቤት አይቼ አላውቅም። ባዶ ነው የተባለ ቤት ግን ብዙ አሳይቻለሁ። ተከራዩ ወጥቶ፣ ቁልፉ ተመልሶ፣ አከራይዋ «ምንም የለበትም» ብለው ምለውልኝ በሩን ስከፍት፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ያምና የቀን መቁጠሪያ አለ፤ አልጋ የነበረበት ጥግ አንድ እግር ካልሲ አለ። ሁለተኛውን እግር ማን ይዞት እንደሄደ አይታወቅም። አንዴማ ቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ ያሳየሁት ቤት ውስጥ ሰውዬው ራሱ ነበር፤ ተኝቶ። «ነገ ነው የምወጣው» አለንና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይህን የማወራችሁ ግን ቤት ላከራያችሁ ብዬ አይደለም። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ከርነል ነው። ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ እኔም ቃሉን መጀመሪያ ስሰማው የመኪና ዕቃ መስሎኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ሳንሰነባበት የተለያየን ሰው ነኝ፤ ማን ሊነግረኝ?

የነገረችኝ ሀያት ናት። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ የምትኖርበትን ክፍል እኔ ያገኘሁላት ልጅ። ከሥራ መልስ የራሴን ከርነል ልጻፍ ብላ ከላፕቶፕዋ ጋር ትታገላለች። እሷም ጀማሪ ናት። እኔ ቤቷ የተቀመጥኩት ዝናብ ይዞኝ ነው። ዝናቡ ካባራ ሦስት ወሩ፤ እኔ አልተነሳሁም።

ስልካችሁን ስትከፍቱ ፎቶው፣ ዘፈኑ፣ መልእክቱ ይመጣል አይደል? ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚነቃ አንድ ፕሮግራም አለ። ሌሎቹ ቦታ ሲፈልጉ እሱን ይጠይቃሉ፤ ስክሪን ላይ አንድ ነገር መጻፍ ሲያምራቸው እሱን ያስፈቅዳሉ። ያ ነው ከርነል።

«ደላላ ነዋ» አልኳት።

«የሚታመን ደላላ» አለች።

ነገሩ ነካኝ፤ ግን ተቀመጥኩ። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሌላው ፕሮግራም ሲቸግረው ከሥሩ የሚጠይቀው አለ። ከርነል ግን ከሥሩ ማንም የለም። ማሽኑ ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፤ ስንት ቦታ እንዳለው አያውቅም፤ አንድ ቁልፍ ብትነኩ ማን እንደነካው የሚነግረው የለም። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ በቅደም ተከተል፣ እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። አንዲት የኮከብ ምልክት ስክሪኑ ጥግ ላይ ለማውጣት አሥር ቀን ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ለስንት ጊዜ ስልኬን የምነካው ቀስ ብዬ ነበር፤ ከመስታወቱ ሥር ስንቱ እንደሚለፋ እያሰብኩ። ይህን ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ጻፈው? እኛ ደግሞ «ዘገየ» ብለን እንሰድበዋለን።

ታዲያ የምንሞክረው በእውነተኛ ማሽን ላይ አልነበረም። ላፕቶፕዋ ውስጥ ልክ እንደ ኮምፒውተር የሚሆን፣ የውሸት ኮምፒውተር የሆነ ፕሮግራም አለ። ቢሞት የሚያዝንለት የለም፤ ዘግታ ትከፍተዋለች። እዚያ ላይ ከርነላችን በሰላም ይነሳና በፈረንጅ ፊደል «አለሁ» ብሎ ይጽፋል። ለሀያት ግን ይህ አይቆጠርም። «ብረት ላይ ያልተነሳ ከርነል ህልም ነው» ትላለች፤ ብረት የምትለው እውነተኛውን ማሽን ነው። የቢሮውን ማሽን አትነካም፤ ላፕቶፕዋ ደግሞ እንጀራዋ ነው።

ብረቱ ያለው ጎረቤቷ ጋሽ ተፈራ ጋ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አልጋቸው ሥር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። የሰፈሩ የእሳቸው ወገን ሊነሳ ስለሆነ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት የጭነት መኪና መጥቶ ወደ ገላን ይወስዳቸዋል፤ ዴስክቶፑ ደግሞ አሮጌ ዕቃ ለሚገዛው ቆራሌ ዋጋ ተቆርጦለታል። ሀያት ስትለምናቸው አሰቡና፣ «ሬዲዮ ሳይናገር ለሰው አስረክቤ አላውቅም» አሉ። «መኪናው እስኪመጣ ከሠራ ውሰጅው። ካልሠራ ለቆራሌው ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ከርነሉን የጫንንበትን ፍላሽ ሰካን፣ ማብሪያውን ተጫንን። የማሽኑ አርማ መጣ፤ ጨለመ። አርማው መጣ፤ ጨለመ። ታክሲ ውስጥ ገብቶ «ይቅርታ፣ ሜክሲኮ መስሎኝ» እያለ እንደሚወርድ ሰው፣ እየገባ ይወጣል።

«አስነጠሰው እንጂ አልተናገረም» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ሀያት ከላፕቶፕዋ ጋር መሬት ላይ ቁጭ አለች። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ኮከብ እየጻፈ እንዲያልፍ አደረገች፤ እስከ የት በሕይወት እንደሚደርስ ለማወቅ። አንደኛዋ ኮከብ ወጣች። ሁለተኛዋ ወጣች። ሦስተኛዋም። አራተኛዋ ላይ ያስነጥሰዋል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው መጣ፤ ቀደም ብሎ መምጣቱ ለክፋት ይመስላል። ተሸካሚዎቹ አልጋውን አወጡ፤ ቁም ሳጥኑን አወጡ፤ ከስክሪኑ ሥር ጠረጴዛውን ሳብ አድርገው ወሰዱት። ስክሪኑን የተደፋ ሳፋ ላይ አስቀመጥነው። ቆራሌው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በር ላይ ቆሟል።

«ከሦስተኛዋ ኮከብ በኋላ ምንድን ነው የሚያደርገው?» አልኳት።

«ምንም። ማለቴ፣ የተያዙ ቦታዎች ዝርዝር አለው፤ ያን ያያል። ገና ስለነቃ ዝርዝሩ ባዶ ነው፤ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል፤ በቃ።»

«ባዶ ነው ያለሽ ማነው?»

«ማለት?»

«ገብተሽ አይተሽዋል ወይስ ተነግሮሽ ነው?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን መሃል ላይ ተወችው።

የውሸቱ ማሽን ለካ ሜሞሪውን አጥቦ ነው የሚያስረክበው፤ ሁሉም ቦታ ዜሮ። የብረቱ ማሽን ምንም አያጥብም። ከእኛ በፊት የሠራበት ሁሉ ካልሲውን ጥሎ ሄዷል፤ ከርነላችን ደግሞ ያን ካልሲ ዝርዝር መስሎት እያነበበ ገደል ይገባል። ሀያት አራት መስመር ጻፈች፦ መጀመሪያ ጥረግ፣ ከዚያ ግባ።

ተጫንን። ጨለመ። አንድ ኮከብ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አራት።

«አለሁ» አለ።

ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬ እንኳ ፍራሹን ሳያወርድ ቆሞ ያይ ነበር። ከሥሩ ማንም የሌለው ነገር፣ በባዶ ክፍል ውስጥ፣ ሳፋ ላይ ሆኖ አለሁ ሲል ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔም የማወዳድርበት ሌላ ነገር የለኝም። ሀያት ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ጋሽ ተፈራ በርከክ ብለው ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠጉ፤ ሬዲዮ እንደሚያዳምጡ።

«ቀጥሎስ ምን ይላል?»

«ገና አልጻፍንለትም፣ ጋሼ» አለች ሀያት።

ተነሱ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ። «ይቺን ማሽን ከፊት፣ እኔ ጋ» አሏቸው ተሸካሚዎቹን።

«ከሠራ ውሰጅው አላሉኝም?»

«ብያለሁ። ሬዲዮ አለሁ ብሎ ዝም ቢል ተሠራ ይባላል? ስትጨርሱት ትወስዱታላችሁ።»

እንግዲህ ከርነል መቼ እንደሚያልቅ ሀያትን ጠየቅኳት። ሲያልቅ ያየ ሰው የለም አለችኝ። ቆራሌው ባዶ ማዳበሪያውን ይዞ ሄደ፤ ከእኛ ጋር እኩል ከሰረ።

አሁን በየእሁዱ ከስታዲየም ተነስተን፣ ታክሲ ቀያይረን ገላን እንወርዳለን። ለደንበኞቼም «ባዶ ነው» ማለት ትቻለሁ፤ «ጠርጋችሁ ግቡ» ነው የምለው። ባለፈው ሰሞን ጋሽ ተፈራ ኮዱን የልጃቸው ላፕቶፕ ላይ አስገለበጡን፤ «ለማየት ያህል ነው» ብለው። በዚህ እሁድ ስንደርስ መነጽራቸውን እንዳደረጉ በር ላይ ጠበቁን።

«አምስት ኮከብ ያወጣል» አሉ።

«እኛ የጻፍነው አራት ነው፣ ጋሼ» አለች ሀያት።

«አውቃለሁ፤ አምስተኛዋ የእኔ ናት» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።