መብራት ጠፍቶ የተቆላ ቡና

ቡናውን በልኩ የቆላው መብራት መጥፋቱ እንጂ አንተ አይደለህም ትሉኛላችሁ? ቆይ፣ መብራት ቡና ያውቃል እንዴ? እኔ እኮ አንዲት ፍሬ በጥርሴ ከቆረጠምኳት የይርጋጨፌ ትሁን የሐረር በእንቅልፍ ልቤ እነግራችኋለሁ!

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ቡና ቆልተን የምንፈጭበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ደንበኛ አሉን፣ ምላሳቸው ሚዛን ነው። ሁለቴ «አሳረርከው!» ብለው መለሱብኝ። አሠሪዬ ጋሽ ታደሰም «ዛሬም ከመለሱት ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የእትዬ ብርቄን ይርጋጨፌ ማሽኑ ውስጥ ገልብጬ፣ ለተሰበሰበው ደንበኛ ሳስተምር ነበር። «ቡና የሚቆላው በዓይን አይደለም፣ በጆሮ ነው! ሲንጣጣ ትሰሙና...» እያልኩ ሳለ መብራቱ ድርግም! ማሽኑ ቀጥ አለ። ዘልዬ ቡናውን ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩት፣ ባገኘሁት ካርቶን አራገብኩት። ልቤ ከቡናው ብሶ ይንጣጣል።

እትዬ ብርቄ ይህን ጊዜ ገቡና አንዷን ፍሬ አንስተው ቆረጠሟት።

«አንተ ልጅ!» አሉኝ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ዛሬ ገና ቡና ቆላህ! ትንሽ ብትቆይበት ኖሮ ያርር ነበር። መውጫ ሰዓቱን እንዴት አወቅክ?»

ጋሽ ታደሰ ፈገግ ሲሉ ነፍሴ ተመለሰች። ላቤን ጠረግ አድርጌ «ጆሮ ነዋ፣ እትዬ» አልኳቸው።

አሁንም አላመናችሁም? ሂዱና እዚያ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ! ብቻ መብራቱ የጠፋው ቡናውን ከማውጣቴ በፊት ነው በኋላ ብላችሁ እንዳትጠይቁ።