ከ«ኑሪያ» ያልወረዱት ሐጂ ፈርጋሊ

እስክንድርያ ውስጥ ከመርከቡ ያልወረደ ባሕረኛ የሌለበት ሻይ ቤት ካያችሁ፣ ወይ ሻይ ቤቱ ገና አልተከፈተም፣ ወይ ባሕረኛው ሽንት ቤት ሄዷል። የእኛ የአንፉሺ ሰፈር ሰዎች ባሕረኛ ክቡርነታቸው ሐጂ ፈርጋሊ ናቸው።

መርከባቸው «ኑሪያ» ድሮ በግና ተምር ትጭን ነበር አሉ። ጦርነት ሲመጣ ባሕር ኃይል ወሰዳት፤ ግራጫ ቀለም ቀብቶ ወታደር ማመላለሻ አደረጋት። ቀይ ባሕር ላይ ቦምብ ጎኗን ሲበሳት፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፍነው ከነወታደሮቿ መለሷት። ይህን ታሪክ የሰፈሩ ድመት ሳይቀር በቃሉ ይዞታል።

ሐጂ የጭነት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ አንድ ሕግ ይዘው ወጡ፤ «መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ይወጣል።» ሴት ልጄን ስድር ሳይጠሩ መጥተው የሙሽራዋ ዕቃ መኪና ላይ ሲጫን ማዘዝ ጀመሩ። እኛ ዘንድ ሰው እንዲያየው ፍሪጁ ከላይ ጉብ ይላል። እሳቸው ከታች ቀበሩት፤ አልጋውን መጨረሻ አስጫኑ።

«ሐጂ፣ ሙሽራ እኮ ናት፤ ወታደር አይደለችም» አልኳቸው።

«እና ስትደርስ መጀመሪያ የምትፈልገው ፍሪጅ ነው?»

መንገደኛው ሁሉ ያየው ፍራሽ ብቻ ነበር። ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ዓሣ ነጋዴው ባዩሚ ሊያበሽቃቸው ሲፈልግ፣ «ኑሪያዎ አንድ ጥይት እንኳ ተኩሳ አታውቅም» ይላቸዋል።

«አልተኮሰችም። የወሰደችውን ግን መልሳ አመጣች። አጎትህን ጠይቀው።»

ባዩሚ ወሬውን ወደ ዓሣ ዋጋ ያዞራል። አጎቱ ከጦርነቱ የተመለሰው በእሷ ነው።

አምና ኑሪያ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች የሚል ወሬ ደረሰን። ሽማግሌው ይህን ከሰሙ አይተርፉም ብለን ፈራን። እየተጎተተች በምታልፍበት ጠዋት ወንበራቸውን ከባሕሩ አዞርነው። ስንሸሸው የኖርነውን ታሪክም ራሳችን ለመንን።

«እስቲ ሐጂ፣ የሲሚንቶው ነገር እንዴት ነበር?» አለ ባዩሚ፤ ዓይኑ ግን በትከሻቸው አልፎ ባሕሩ ላይ ነበር።

ሐጂ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«አለፈች?»

ባዩሚ ቶሎ ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ።

«ትናንት ሄጄ ተሰናብቻታለሁ፤ አትጨነቁ» አሉ። «መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ነው የሚወጣው። ኑሪያ ላይ ከሁሉም ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ገና አልወረድኩም።»

ወንበሬን አስጠጋሁና፣ «ለመሆኑ ሲሚንቶውን ያቦካው ማን ነበር?» አልኳቸው። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ግን ከእሳቸው አፍ ካልሰማሁት የነጋ አይመስለኝም።