አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሰውዬ

ሰው ሲያረጅ ወይ ይረሳል ወይ ይቆጥራል። እኔ፣ ጌታ ይመስገን፣ ቆጣሪ ሆኛለሁ። ከአርችዌይ ባቡር ጣቢያ እስከ ቤቴ በር ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ስድስት መቶ ሠላሳ ይሆናል። አትሳቁ። ለንደን ስገባ የማውቀው እንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ሃያ ብቻ ነበር፤ በዚያችው ቁጥር ቀለም ቀቢ ሆኜ፣ ኋላም የራሴን ቀቢዎች ቀጥሬ፣ የስንቱን ቤት ግድግዳ አስውቤ ጡረታ ወጣሁ። የሚቆጥር አይሳሳትም እያልኩ ነው የኖርኩት። እንግዲህ የተሳሳትኩበትን ቀን ላውጋችሁ።

የልጅ ልጄ ማህሌት የሥዕል ታሪክ አጠናለሁ ስትል፣ ግድግዳ ከሆነ እኔው አስተምርሻለሁ ብያት ነበር። አልሰማችኝም። በቀደም አንድ ሙዚየም በአስጎብኚነት ሊቀጥራት አስቦ የመጨረሻ ፈተና ሰጣት፤ ለጎብኚዎች አንድ ሥዕል ማስረዳት። ፈታኟ ወረቀት ይዛ ከኋላ ትቆማለች። እኔም ተጋበዝኩ፤ በር ላይ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "አባባ፣ በሞቴ ዛሬ ጮክ ብለው አይቁጠሩ" አለችኝ። ቃል ገባሁ።

ሥዕሉ ከአንድ የስፔን ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተገሽልጦ የመጣ ነው። ሮማንስክ ይሉታል፤ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ማህሌት እንደ ውሃ ፈሰሰች። ሥልቱ ከቢዛንታይን ሥዕሎችና መነኮሳት በብራና ላይ ከሣሏቸው መጻሕፍት መወለዱን፣ ሠዓሊው ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ እንደነበረበት ነገረችን። ልስን ማንንም እንደማይጠብቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ጥላ የሌለው ቀለም፣ ፊት ለፊት የሚያፈጡ ትልልቅ ዓይኖች። ጌታችን መካከል ተቀምጧል፤ አርባዕቱ እንስሳ ዙሪያውን፣ ስድስት ሐዋርያት ከሥሩ። የምሳለመውን ደብር ግድግዳ የማይ መሰለኝ።

ጎብኚዎቹ ግን ሰልችቷቸዋል። አንዱ ያዛጋል፤ አንዷ ስልኳን ቼክ ታደርጋለች። ማህሌት ጥያቄ ካለ ብላ ጠየቀች። የለም። ፈታኟ አንድ ነገር ጻፈች። የማህሌት ጣቶች እርስ በርስ ሲቆላለፉ አየሁ፤ አሥሩም።

ይኼኔ ዓይኔ ከሥዕሉ ታች ጥግ የተንበረከከ ሰውዬ ላይ አረፈ። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፤ እሱ ወደ ጎን ዞሮ አንዱ ብቻ ይታያል። በእኛ ሥዕል እንዲህ የሚሣል ወይ ሰይጣን ነው ወይ ይሁዳ። ቃሌን ረሳሁ።

"የሰዎቹ ዓይን አሥራ አምስት ነው፤ ጎዶሎ" አልኩ በቀቢ እንግሊዝኛዬ። "ያ ጥግ ያለው ክፉ ሰው ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማህሌት ፊቷ ቀላ፤ ቀጥሎ ሳቀች።

"አባባ፣ እሱማ ከፍሎ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው። አንድ ዓይኑ የሚታየው እኛን ትቶ ጌታን ስለሚያይ ነው።"

ሕዝቡ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መቁጠር ጀመረ። ያዛጋ የነበረው ሳይቀር በኢትዮጵያ ክፉ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚሣል ጠየቀ፤ ማህሌትም ክፉ ሰው በሁለት ዓይኑ ተመልካቹን እንዳያይ ነው ይባላል ብላ መለሰች። ጥያቄው አላልቅ አለ። ፈታኟ ወረቀቷን አጥፋ እሷም ስትቆጥር አየኋት።

ሥራውን አገኘች። ያን ቀን አንዱ ጎብኚ ያነሳውን ፎቶም ላከችልኝ። ግድግዳው አጠገብ ወደ ጎን ዞሬ ቆሜያለሁ። አንድ ዓይን። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው አንድ። ወዴት ነው የማፈጠው ብዬ አቅጣጫውን ብከተል፣ በፎቶው ሌላ ጫፍ ማህሌት እጇን ዘርግታ ታስረዳለች።

ተመስገን። ፎቶውን ያየ ሐበሻ ሁሉ ከፈለገ ይሁዳ ይበለኝ።