ዶን ክሪሳንቶ ብርቱካኔን ያዳነበት ጥራጊ

ሁሉን አውቃለሁ የሚል ጎረቤት የሌለው ሰው በዓለም ላይ የለም። የለኝም የሚል ካለ፣ እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ከተማችን ባሪቻራ ለሁላችን የሚበቃ አንድ አላት፤ የልጄን ክርስትና ያነሳው ክቡር ዶን ክሪሳንቶ። "ለእኔ ተዉት!" ካለ ሰው ይሸሻል። የከብት ሐኪሙን ማዋለድ ሲያስተምር ላሟ ረግጣው ሁለት ሳምንት አነከሰ። ቄሱን የደወል አጎታተት ሲያሳይ ገመዱ ተበጠሰና ለቅዳሴ በድስት ክዳን ተጠራን። ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች ሰው ቢያገኝ እንኳ፣ "እንዲህ አይደለም የሚተነፈሰው" ይለዋል።

ባለፈው ዓመት ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ብርቱካኔን ያዙት። ያለኝ አንድ ዛፍ ነው። ሁለቴ ራቁቱን አስቀሩት፤ ሁለቴ እንደምንም አቆጠቆጠ። ሦስተኛውን እንደማይችል እኔም ዛፉም እናውቃለን። አመድ ነሰነስኩ። የጉንዳኖቹ ሰልፍ አመዱን ዞሮ፣ ቅጠሌን እንደ ጃንጥላ ይዞ አለፈ።

"አበልጄ፣ ለእኔ ተይው!" አለኝ ከአጥሩ ማዶ።

"ተው እባክህ! ዛፉ ገና አልሞተም።"

መች ሰማኝ! ጉድጓዳቸው አጠገብ ሦስት ቀን በሆዱ ተኝቶ ተመለከታቸው። ንግሥቶቻቸውን ቆልተን የምንበላ ሰዎች ነንና፣ መንገደኛው ሁሉ "ዶን ክሪሳንቶ፣ ቁርስ እስኪወጣ ነው?" እያለው ያልፋል።

በአራተኛው ቀን ቡናማ ነገር በባልዲ ይዞ መጣ።

"ምንድን ነው ይሄ ግማት?"

"የራሳቸው ጥራጊ! ስሚ፣ ቅጠሉን አይበሉትም። አላምጠው ከመሬት በታች ለሚያለሙት ሻጋታ ይሰጡታል፤ እህላቸው እሱ ነው። የታመመውን አውጥተው ይጥላሉ፤ ጤነኛዋ ጉንዳን ድርሽ አትልበትም። አንቺስ ዋግ የመታው እህል ረግጠሽ ማሳሽ ትገቢያለሽ?"

አልገባም። ዛፉን ዙሪያውን በጥራጊው ከበበው። በማግስቱ ሰልፉ ጥራጊው ጫፍ ደረሰ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። በወሩ ብርቱካኔ ለመለመ። "እግዜር ይስጥህ፣ አበልጄ" ብለው፣ አንገቱን ደፍቶ ባልዲውን መጥረግ ያዘ።

ዝናብ ስለሚያጥበው ጥራጊው በየጊዜው መታደስ አለበት። ከየት እንደሚዛቅ፣ ስንት አካፋ እንደሚበቃ አሁን እኔም አውቃለሁ። ግን አጥሩ ጋ ሄጄ፣ "እንዴት ነበር ያደረግከው?" እለዋለሁ። ባልዲውን አንስቶ ይመጣል፤ ወንበር አወጣለታለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳኛል። እኔም ዛሬ ገና እንደሰማሁ ሁሉ፣ "ወይ ጉድ!" እላለሁ።