ሞተሩ ከደሙ ንጹሕ ነው

የግርማን መኪና ገፍታችሁ የማታውቁ ሰዎች እድለኞች ናችሁ። ይህ ጓደኛዬ እዚህ ኦስሎ፣ ፕሪንስዳል ሰፈር ባለው ጋራዡ ውስጥ የድሮ እሽቅድድም መኪና አስመስሎ ሠራና፣ በሳጥን ታሽጎ የመጣ አዲስ ጉልበተኛ ሞተር ገጠመላት። ስንቴ መንገድ ላይ የቀረች ይመስላችኋል? እሱን ከጠየቃችሁት ሞተሩ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የነዳጅ ፓምፑ ነው፣ የሽቦው ነው፣ የኦስሎ ብርድ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሙሽራዋን የእህቱን ልጅ በዚህችው መኪና ካልወሰድኩ ብሎ ድርቅ አለ። ከቬስትሊ ተነስተን ግሮንላንድ ስንደርስ መኪናዋ ጭስ ተፋችና ቀጥ አለች። ከኋላ በታክሲዬ ስከተል ነበርና ወረድኩ።

«ሞተሩ ነው?» አልኩት።

«ሞተሩ ምን በወጣው? ሙቀቱ ነው።»

ሙሽራዋን ከነቬሏ ታክሲዬ ውስጥ አስገባኋት። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ስልኩ ላይ መጻፍ ያዘ።

«ለማን ነው?»

«አንድ ሰው ይህን ሞተር ልገዛ ነው፣ ልምዳችሁን ንገሩኝ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ጠይቋል።»

ቀይ መብራት ላይ አጮልቄ አየሁ። «አስተማማኝ ነው፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም» ይላል።

ሙሽራዋም ከኋላ አንገቷን አስግጋ አነበበችና፣ «አጎቴ፣ ባለታክሲ ጓደኛ እንደሚያስፈልገውም ጨምርበት» አለችው።