ብድግ ስል ያየችኝ ሴት

የበደለችኝ ሜይ ትባላለች። ስሟን የማወጣው ሰው እንዲጠላት አይደለም፤ ራሷም «ይናገሩት» ብላኛለች። ደግሞስ ጠላት ቢበድል ምን ይገርማል? ሥራው ነው። የሚያንገበግበው ሽሮዬን በልታ፣ «ጨምሪልኝ» ብላ፣ ስቃ አስቃኝ የሄደች ጎረቤት ስትበድል ነው። እናንተም እንዲህ ያለች አንድ አታጡም።

ሜይ ኬኒንግተን በሚባል ሰፈር፣ ከእኔ አፓርታማ ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። ወላጆቿ ቻይናዎች፣ እሷ የአሜሪካ ልጅ፣ ኑሮዋ ለንደን። ተዋናይት ናት። ተዋናይት ስላችሁ ታዲያ በር ላይ መኪና የሚጠብቃት እንዳይመስላችሁ፤ እንደኔው ባስ ነው የምትጋፋው። ቴሌቪዥን ላይ አንዴ ነርስ ናት፣ አንዴ ልብስ አጣቢ፣ አንዴ ሬሳ አይታ የምትጮህ ጎረቤት። «ያቻት!» ብዬ ጣቴን ሳነሳ አልፋለች። ጸጉሯ እስኪሸብት ስም ያለው ሰው ሆና አታውቅም። «ነርሷ» ነው የሚሏት፤ በቃ። አንድ ቀን አንጀቷ አረረና «የሚጽፍልኝ ከጠፋ እኔው እጽፋለሁ» አለች። ወንድ ነሽ! አልኳት። እኔ ከፊደል ብዙም አልዘለቅኩም፣ የሚጽፍ ሰው አከብራለሁ። እሷ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብላ ስትጽፍ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ማንን እንደምትጽፍ ግን አልጠየቅኋትም። ሞኝ!

ቴአትሩ ባተርሲ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ተከፈተ። ነጠላዬን አጣፍቼ የፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። መብራቱ ሲበራ ሜይ ነጠላ ለብሳ፣ ጎብጣ ተቀምጣለች። እኔን ሆናለች! አልከፋኝም፤ እንዲያውም ኮራሁ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ካውንስል የሚሉት የቀበሌያቸው ሰው ገባ። ሜይ እየተንቀጠቀጠች ብድግ አለች። ነርስ ገባች፤ ብድግ። ፖስተኛ ገባ፤ ብድግ፣ እንደተመታ ውሻ። አዳራሹ ይንሰቀሰቃል። አጠገቤ ያለችው ፈረንጅ ለእኔም ሶፍት አቀበለችኝ። የንዴት እንባ መሆኑን በምን ትወቅ?

እናንተ መቼም ታውቁታላችሁ። ሰው ሲገባ ብድግ ተብሎ «ኖር!» ይባላል፤ የገባውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣል። እኔ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ ሳይቀር እነሳለሁ። የራሱን ክብር የሚያውቅ ሰው ነው ለሌላው የሚነሳ። ይቺ ሴት ፍርሃት አደረገችው።

ጭብጨባው ሲያልቅ ከመድረክ ጀርባ ሄድኩባት።

«ማነው የፈራ?» አልኳት።

«እማማ ዘውዴ፣ ሰው በገባ ቁጥር ይነሱ የለ? ከአገርዎ ሲሰደዱ የተረፈ ፍርሃት መስሎኝ…»

(በእንግሊዝኛ አንቺም አንቱም የለም፤ ወደ አማርኛ ስመልሳት ሥርዓት የማስይዛት እኔ ነኝ።)

«ከፈጣሪዬ በቀር ማንን ፈርቼ አውቃለሁ? ማክበር እኮ ነው፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«ለእኔም የሚነሱት…?»

«ታዲያ ለማን መሰለሽ? ለወንበሩ? ደግሞ የዚያች ሴትዮ ስም ማነው?»

 ለተመልካች የታደለው ወረቀት ላይ «አሮጊቷ» ነው የሚላት፤ አስነብቤዋለሁ።

«ነርሷ ሲሉሽ ስትናደጂ የኖርሽ ሴት!»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «መነሳቱን አወጣዋለሁ» አለች።

«ማን አውጪ አለሽ? በደንብ ተነሺ ነው ያልኩሽ።»

«እንደዚያ ከተነሳሁ ሰው አያለቅስም፣ እማማ። ያጨበጨቡልኝ ስላለቀሱ ነው። ለእኔ ብሎ ሰው ሲያጨበጭብ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

እውነቷን ነው። ስንት ነርስ፣ ስንት ልብስ አጣቢ ሆና ነው እዚያች ጭብጨባ ላይ የደረሰችው! አንጀቴን በላችው። ሆኖም አልተመለስኩላትም።

«ማልቀስ ያማረው ቤቱ ያልቅስ። በእኔ ጀርባ ግን ጭብጨባ አትለምኝም» ብያት፣ ደህና እደሪ እንኳ ሳልላት ባሴን ተሳፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሯን ደበደብኩ። ከነፒጃማዋ ከፈተችልኝ፤ እንቅልፍ እንዳላየች ዓይኗ ይናገራል። እጇን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ከፍቼ ገባሁ። ብድግ አለች። አልጣመኝም፤ አነሳሷ ገና የፍርሃት ነው። ወጣሁና እንደገና ገባሁ።